እውነት ከድል በኋላ ትድረስ ለሚሉ ወገኖች የተሰጠ መልስ

በውጭ አገር የምንኖር ተማሪዎች በምናደርገው የውይይት ስብሰባ አንድ ክርክር ከተነሣ ሰንብቷል። ክርክሩም ይህ ነው፤ በምርጫ ጊዜ የሚጻፍና የሚነገር ዜና እውነቱ ተጣርቶ ይውጣ ወይስ ለትግሉ የሚጠቅመው ብቻ ተመርጦ ይሠራጭ? አንዳንድ ወንድሞቻችን «ባለጊዜዎቹ ሬድዮኑንም ቴሌቪዥኑንም ይዘው ቀንና ሌሊት ሲዋሹ፣ እኛ ቃላችንን በሚዛን እየለካን ብንናገር እጃችንን አስረን ወደ ግብግብ መግባት ነው፤ እውነት ከድል በኋላ ትደርሳለች» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ በስብሰባም ላይ ጭብጨባ አያጣም። እኛ ግን ስሕተት መሆኑን፣ ከስሕተትም አልፎ የሌላውን ሰው ደም በሌላው ሰው ስም መመንዘር መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ስለ ጋዜጠኛ ሥነ ምግባር ሲነሣ ወዲያው የሚያጨበጭበው ያው አሳሪው ነው። «እኛም ስንል የነበረው ይህንኑ አይደለም? ኃላፊነት የጎደለው ጋዜጠኛ አገር ያፈርሳል» ይለናል። ስለዚህ ወንድሞቻችንን ከመውቀሳችን በፊት ለዚህ ሰው መልስ ልንሰጠው ይገባል። መልሱም በእጃችን አለ፤ ያለፉት ምርጫዎች ታሪክ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት ተፎካካሪዎች በቴሌቪዥን ቀርበው ፊት ለፊት ሲከራከሩ፣ ሰፊው ሕዝብ በቡና ቤቱና በየጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ፣ ጋዜጣ ከማለዳ በፊት አልቆ ሲከራይ፣ በአገራችን ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ታየ። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ ማድረግ ክልክል መሆኑን በቴሌቪዥን አወጁ። ሰኔ 1 ቀን በከተማይቱ ጥይት ተተኮሰ። በዚያው ሰሞን ለአሜሪካ ድምፅና ለጀርመን ድምፅ ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች የሥራ ፈቃዳቸው ተነጠቀ። ጥቅምት 1998 ላይ ደግሞ ዳግመኛ ተተኮሰ። በምክር ቤቱ ውሳኔ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪል ሰዎች መሞታቸውን ቆጥሯል። ይህን ቁጥር ለዓለም የነገሩት የኮሚሽኑ አንዳንድ አባላት ከአገር ከወጡ በኋላ መሆኑንም አንዘንጋ።

ከዚያም አሳታሚዎችና አዘጋጆች ከተቃዋሚ መሪዎች ጋራ በአንድ መዝገብ ተከሰሱ። ክሱ በአገር መክዳትና በሕገ መንግሥቱ ላይ በመነሣት ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ዘር ማጥፋት እስከሚል ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ወይዘሮ ሰርካለም ፋሲል እስር ቤት ሳለች ልጅዋን ወለደች። በ1999 ዓ.ም. እርስዋና ባለቤትዋ አቶ እስክንድር ነጋ በነጻ ተሰናበቱ። እንግዲህ ያንን ሕፃን በእስር ቤት ያስወለደው የትኛው ኃላፊነት የጎደለው ዓረፍተ ነገር ነበር? ፍርድ ቤቱ አላገኘውም።

የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ሁሉ ንጹሓን ነበሩ አንልም። ወሬን እንደ ዜና ያተሙ ነበሩ፤ ያልተጣራ ቁጥር በትልልቅ ፊደል የጻፉ ነበሩ፤ ሰውን በብሔሩ የሚያንጓጥጡም ነበሩ። እነዚያን ጋዜጦች ያነበበ ሰው ይህን ሊክድ አይችልም። ነገር ግን የተሳሳተ ዜና መድኃኒቱ ማረሚያ ነው፤ ስሙ የጠፋ ሰው ካለም የስም ማጥፋት ክስ አለ። ለአንድ ዓምድ ጽሑፍ የዕድሜ ልክ እስራት የሚጠይቅ ዐቃቤ ሕግ ስለ ጋዜጠኛ ሥነ ምግባር ሊያስተምረን አይችልም።

አሳሪው ይቀስፈኛል የሚለው ኃላፊነት የጎደለውን ጋዜጠኛ ከሆነ፣ በ2002 ዓ.ም. የሆነው ምን ነበር? «አዲስ ነገር» የሚባለው ጋዜጣ በረጋ ሐተታው የታወቀ ነበር፤ ጩኸት የሚወዱ አንባቢዎች እንዲያውም ደረቀብን ይሉት ነበር። ምርጫው ሊደረግ ስድስት ወር ያህል ሲቀረው፣ ኅዳር ላይ፣ በጸረ ሽብር አዋጁ ሊከሰሱ መሆኑን የሰሙት አዘጋጆቹ ጋዜጣውን ዘግተው ተሰደዱ። መጋቢት ላይ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ታፈነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬድዮ ጋራ አመሳሰሉት። ወደዚህ ምሳሌ እንመለስበታለን። የመንግሥቱ ብዙኃን መገናኛ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ልዩ ልዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ የታዘዘ ሆኖ ሳለ፣ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች እንደ መዘገቡት ከዘገባው ከግማሽ በላዩን ለገዥው ፓርቲ ሰጠ። ግንቦት 15 ቀን ምርጫው ተደረገ፤ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ ለገዥው ግንባርና ለአጋሮቹ ሆኑ።

በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ስድስት የ«ዞን 9» ጸሐፊዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ እስር ቤት ነው፤ ቃሊቲ ስምንት ዞኖች አሉት፣ ዘጠነኛው አገሪቱ ራስዋ ናት ለማለት። የጻፉት ሕገ መንግሥቱ ይከበር የሚል ነበር። ሲከሰሱ ግን በሽብር ተከሰሱ፤ በዓመቱም ግንቦት 16 ቀን 2007 ምርጫው እነርሱ ገና እስር ቤት ሳሉ ተደረገ። በዚህ ጊዜ 547ቱም መቀመጫዎች ተጠቃለሉ። ሁለት መቀመጫ እንኳ ለታይታ አልተረፈም። የጋዜጣው ቁጥር ሲያንስ የገዥው መቀመጫ ቁጥር እንዴት እንደሚያድግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሠንጠረዥ አናውቅም።

ስለዚህ «የምናስረው ስለሚዋሹ ነው» የሚለው ሰበብ በታሪክ ፊት አይቆምም። ተጠንቅቆ የሚጽፈውም ያለ ጥንቃቄ የሚጽፈውም ታስሯል። እንዲያውም ተጠንቅቆ የሚጽፈው ይበልጥ ያስፈራል፤ ጽሑፉን ማስተባበል አይቻልምና።

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎቻችን ነገሩ የተለወጠ መስሎን ነበር። እስረኞች ተፈቱ፤ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመት የተፈረደበት እስክንድርም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን በተፈጸመ ወንጀል የሚከሰስ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ በሚል ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ምርጫው በተደረገ በዘጠነኛው ቀን የ«አውሎ ሚዲያ» ባልደረቦችና የ«ኢትዮ ፎረም» ጋዜጠኞች ተይዘው፣ የት እንደ ደረሱ ዘመድና ጠበቃ ሲፈልጋቸው ሰንብቶ፣ በአፋር አዋሽ ሰባት ካለ ካምፕ መታሰራቸው ታወቀ። ሕጉ በወረቀት ላይ ነበር፤ ጋዜጠኛው በበረሃ።

በዚያው የምርጫ ዓመት ሞትም ነበር። ዳዊት ከበደ አርአያ ጥር ላይ በመቀሌ ተገደለ። ሲሳይ ፊዳ ግንቦት 1 ቀን በደምቢ ዶሎ በጥይት ተገደለ። ሲሳይ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ባልደረባ ነበር፤ ማለት የመንግሥት ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የወንድሞቻችን አመለካከት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነውና። ስለ ዳዊት የጮኸው ስለ ሲሳይ ዝም አለ፤ ስለ ሲሳይ የጮኸውም ስለ ዳዊት ዝም አለ። ከእኛው ስብሰባ መካከል «እርሱ እኮ የእነርሱ አፍ ነበር» የሚል ድምፅ ሰምተናል። ይህን ያለው ሰው መጽሐፍ ያነበበ፣ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ መብት ሌሊቱን ሙሉ ሊከራከር የሚችል ተማሪ ነው። ማይክሮፎን የያዘን ሰው ከማን ደመወዝ እንደሚቀበል አይቶ መግደል ይቻላል ካልን፣ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ይህንኑ ሂሳብ ያሰላል፤ ነገም ሂሳቡ ወደ እኛ ወዳጅ ይዞራል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ።

እኛ የምንኖረው ፖሊስ በር በማያንኳኳበት አገር ነው። የምንጽፈው፣ በስልካችንም በቀጥታ ሥርጭት የምንናገረው ከሞቀ ክፍል ነው። በሕጉ ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ያሉት አራት ቀናት የቅስቀሳ ጽሞና ጊዜ ናቸው፤ መራጩ ጩኸት ጋብ ብሎለት እንዲያስብ የተተዉ ቀናት ናቸው። አገር ውስጥ ያለው ጣቢያ ይህን ቢጥስ ይቀጣል። በውጭ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ እጅግ የሚጮኸው በእነዚያው አራት ቀናት ነው፤ ተመልካች የሚበዛው ያን ጊዜ ነውና፣ ገንዘቡም የሚገባው ተመልካች ሲበዛ ነውና። ይህን «ትግል» ብሎ የሚጠራው ሰው ቢያንስ የወሩን ገቢ ቆጥሮ ይንገረን።

በደላችንን በሌላው ላይ ብቻ እንዳንጭን፣ የራሳችንን እናውጣ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በምርጫው ሳምንት ለእኛ ክበብ አንድ መልእክት ደረሰን። በአንድ ወረዳ የድምፅ መስጫ ሣጥኖች በሌሊት ተጭነው ተወሰዱ የሚል ነበር። ማን አየ? ብለን አልጠየቅንም። የትኛው ጣቢያ? ብለንም አልጠየቅንም። ለትግሉ ይጠቅማል ብለን ያንኑ ሌሊት አሠራጨነው፤ ጠዋት ስንነሣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተቀባብሎታል። በሁለተኛው ቀን በዚያ አካባቢ ዜና እየሰበሰበ የሚልክ፣ አንዳችን የምናውቀው ወጣት ተጠርቶ «ይህን ወደ ውጭ የላክኸው አንተ ነህ» ተባለ። እርሱ አልላከም፤ መልእክቱንም ያየው ከእኛ ነው። ሁለት ሌሊት አስረው ስልኩን ወስደው ለቀቁት። በኋላ ስናጣራ ሣጥኖቹ የተጫኑት ቆጠራው አልቆ፣ የተፎካካሪዎች ወኪሎች ፈርመው፣ ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት በሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ዜናው ውሸት ነበር፤ እስሩ ግን እውነት ነበር።

ይህ ወጣት ከተፈታ በኋላ ሲጽፍልን አልተሳደበም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሌላው ወረዳ ላይ በእርግጥ ወኪሎች ከጣቢያ ተባርረው እንደ ነበር፣ እርሱም ይህን ከሁለት ምስክር አረጋግጦ ሊልክ ተዘጋጅቶ እንደ ነበር፣ ከታሰረ በኋላ ግን ምስክሮቹ ፈርተው እንደ ዘጉት። እውነተኛው በደል ሳይነገር የቀረው በእኛ የፈጠራ በደል ምክንያት ነው። «ለትግሉ ይጠቅማል» ያልነው ነገር ያደረገው ይህን ነው።

አሁን ወደ ሚል ኮሊን ምሳሌ እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ ያ ሬድዮ የሚታደኑ ሰዎችን ስምና ያሉበትን ቦታ እየጠራ ለገዳዮች ያስተላልፍ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይህን ስም ያነሡት የማይወዱትን ጣቢያ ለማፈን ነበር፤ ነገር ግን ታሪኩን ገልብጠውታል። ሚል ኮሊን በሥልጣን ላይ ያሉት ሰዎች ያቋቋሙትና የጠበቁት ጣቢያ ነበር እንጂ በመንግሥት የሚታፈን አልነበረም። በዚያ ወራት ሲገደሉ ከነበሩት መካከልም እውነት የጻፉ የሩዋንዳ ጋዜጠኞች ይገኙበታል። ስለዚህ ከሩዋንዳ የሚገኘው ትምህርት ነጻ ጣቢያን አፍኑ የሚል አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን ብለን ራሳችንን ነጻ አናወጣም። በኅዳር 1996 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በአሩሻ ሦስት ሰዎችን ሲፈርድባቸው፣ ሁለቱ ሬድዮውን የመሠረቱ፣ ሦስተኛው የጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። አንዱ የታሪክ መምህር ነበር፤ የተማረ፣ አውሮፓ የኖረ፣ እንደ እኛ። ዛሬ በእኛ ቋንቋዎች በሚተላለፉ አንዳንድ ሥርጭቶች የሰው ስም፣ ፎቶግራፍና የሰፈር አድራሻ እየተጠራ «ይህን ባንዳ እዩት» ሲባል እንሰማለን። ያን የሚናገር ሰው በደል የደረሰበት ወገን ልጅ ሊሆን ይችላል። የተበደለ ወገን ልጅ መሆን ግን ስም ጠርቶ ለማሳደን ፈቃድ አይሰጥም።

ታዲያ ምን እንዘግብ? ለሚሉን ደግሞ፣ ነገሩ እንደሚመስላቸው ረቂቅ አይደለም። በአገራችን የምርጫ ሕግ ቆጠራው የሚደረገው በየምርጫ ጣቢያው ነው፤ ውጤቱም ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ በጣቢያው ላይ ለሕዝብ ይለጠፋል። ያች አንዲት ወረቀት በብዙ መቶ ደቂቃ ከሚቆጠር የቀጥታ ሥርጭት ጩኸት ትበልጣለች። አንድ ጋዜጠኛ የሚያየው አንድ ጣቢያ ነው፤ ስለ አንዱ ጣቢያ ይናገር። የጣቢያውን ስምና ቁጥር ይጻፍ፤ የተለጠፈውን ይገልብጥ፤ ወኪሎቹ ሁሉ መፈረማቸውን፣ አንፈርምም ያለ ካለም ምክንያቱን ይጠይቅ። በኋላ የምርጫ ክልሉ ድምር ሲወጣ ከጣቢያዎቹ ወረቀት ጋራ ያስተያይ። ማጭበርበር ካለ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው፤ በወረቀትና በወረቀት መካከል። አሳሪውን የሚያስደነግጠውም ይህ ነው፤ «ምርጫው ተሰረቀ» የሚል ጩኸት ለምዶታል፣ መልሱም ቀድሞ ተጽፎ ተዘጋጅቷል። ሁለት ቁጥሮች የማይገጥሙበት ወረቀት ግን መልስ ይጠይቀዋል።

ወረቀቷን የሚገለብጠው ሰው ማን እንደሆነ አስበን እናውቃለን? አብዛኛውን ጊዜ ውል የሌለው፣ በዜና ቁጥር የሚከፈለው፣ በአውቶቡስ የሚጓዝ ወጣት ነው። በቀበሌው ሁሉ ያውቀዋል። የወረዳው ባለ ሥልጣን ወደ ስብሰባው ሲጠራው አበል ይሰጠዋል፤ ፓርቲውም ለጉዞ ብሎ ፖስታ ይሰጠዋል፤ እርሱም ከቤት ኪራይ ጋራ እያመዛዘነ ይቀበላል። ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው ፊቱን አዙሮ ያልፋል እንጂ በአገራችን የዘገባው ሚዛን የሚጣመመው ከሣንሱር ይልቅ በዚህች ፖስታ ነው ብንል አናጋንንም። አበል የተቀበለውን ወጣት መስደብ ቀላል ነው። ዜናውን ተቀብሎ በስሙ የሚነግደው፣ ለአደጋው ግን አንዲት ሳንቲም ያልመደበው በውጭ ያለው ጣቢያ ግን ከእርሱ የበለጠ ወቀሳ አይገባውምን?

ስለዚህ በክበባችን ውስጥ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የተስማማንበትን ለአንባቢዎች እንገልጻለን። በምርጫ ሳምንት የሚደርሰንን ማንኛውንም ወሬ፣ ጣቢያው፣ ሰዓቱና ያየው ሰው ካልታወቀ አናሠራጭም፤ ቢያናድደንም፣ ሌላው ቢቀድመንም። የተሳሳትነውን ባሠራጨንበት ቦታና በዚያው በትልቁ ፊደል እናርማለን። በአገር ውስጥ ላለ ዘጋቢ ከመጻፋችን በፊት፣ ስሙ ይውጣ አይውጣ፣ በየትኛው ቀን ይውጣ፣ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው። ከየወር መዋጮአችንም አንዱን ድርሻ ጋዜጠኛ ሲታሰር ለጠበቃና ለቤተሰቡ ስንቅ እናስቀምጣለን፤ የታሰረው የመንግሥት ጣቢያ ሠራተኛም ቢሆን። በዚህ በመጨረሻው ላይ ሦስት ጓዶች ተቃውመው ወጥተዋል። ቦታቸው ክፍት ነው፤ ቢመለሱ ደስ ይለናል፤ ስለ እነርሱ ብለን ግን ውሳኔውን አናጥፍም።

ከባለጊዜዎቹም የምንጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። አዋጁን ራሳቸው አውጥተውታል፤ ያስከብሩት። ጋዜጠኛ ሲያዝ «ተጨማሪ አሥራ አራት ቀን ይፈቀድልኝ» ብሎ የሚቆመውን መርማሪ፣ ዳኛው የገዛ አዋጁን አንቀጽ ያንብብለት። የምርጫ ቦርድ የሰጠው የዘጋቢ መታወቂያ በወረዳ ታጣቂ ፊት ዋጋ ይኑረው። የዳዊትንና የሲሳይን ገዳዮች ፈልጎ ለፍርድ ማቅረብም ከውጭ የሚመጣ የማንም ምክር አያሻውም።

በአገር ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም በየወረዳው የምትዘግቡ፣ ከእኛ ዘንድ ወጥቶ እናንተን ለአደጋ ያጋለጠ ጽሑፍ ካለ ጻፉልን፤ እናትመዋለን። ያ ሁለት ሌሊት የታሰረው ወጣት ዛሬም እዚያው ወረዳ ይሠራል። ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ልከንለት አንብቦታል፤ የወረዳው ስም የነበረበትን አንድ መስመር ሰርዞ መልሶልናል።